የጎሽ ሳር ቮድካ፦ አቀማመሱና አመዛዘኑ

በአውሮፓ ኅብረት ደንብ መሠረት ቮድካ የሚዘጋጅበት አልኮል ይዘቱ ቢያንስ 96 በመቶ እስኪደርስ ድረስ ይነጠራል፤ ማንጠር ማለት የተጠነሰሰውን ፈሳሽ አትንኖ እንፋሎቱን መልሶ በማቀዝቀዝ አልኮሉን ከውኃው መለየት ሲሆን፣ በዚህ ሂደት የእህሉ ወይም የድንቹ ሽታ አብዛኛው ስለሚጠፋ፣ ተራ ቮድካ የሚመሰገነው ምንም ባለመሽተቱ ነው። በሰሜን ምሥራቅ ፖላንድ የሚዘጋጀውና ዡብሩፍካ በመባል የሚታወቀው የጎሽ ሳር ቮድካ ግን የሚፈለገው ለመዓዛው ነው፤ መዓዛውም በዋናነት ከአንድ ተክል ስለሚመነጭ፣ ዕፀዋት የገቡበትን ቮድካ መመዘን ለሚማር ሰው ከእርሱ የተሻለ መነሻ ማግኘት ያስቸግራል።

ሳሩ ስሙን ያገኘው ፖላንድና ቤላሩስ በሚጋሩት በቢያዎቪዬዣ ደን ከሚኖረው የአውሮፓ ጎሽ ነው። የደኑ የመጨረሻ የዱር ጎሽ በ1919 እ.ኤ.አ. ተገድሎ፣ ዝርያው በእንስሳት ማቆያ ከተረፉት ተራብቶ በ1952 ዳግም ወደ ዱር ተለቋል። ሳሩ ሲደርቅ መዓዛው የሚጎላው ኩማሪን የተባለ፣ ቫኒላንና ትኩስ ድርቆሽን የሚያስታውስ ሽታ ያለው ውህድ ስለሚለቀቅ ነው። መጠጡ መዓዛውን የሚያገኘው ከደረቀው ሳር ከሚወጣው ጭማቂ ሲሆን፣ በጠርሙሱ ውስጥ የሚታየው አንድ ዘለላ ሳር በአብዛኛው ለጌጥ የገባ ነው።

ለምዘና ከታች ሰፍቶ ወደ አፉ የሚጠብ ብርጭቆ ይመረጣል። ቮድካን እንደ በረዶ አቀዝቅዞ መጠጣት የተለመደ ቢሆንም፣ ቅዝቃዜ መዓዛው እንዳይተን ስለሚያግድ የሳሩን ውበትም የአልኮሉን እንከንም እኩል ይሸፍናል፤ ስለዚህ መጠጡ በክፍል ሙቀት መቅረብ አለበት። ቀማሹ አፉን ገርበብ አድርጎ ቀስ ብሎ ካሸተተ በኋላ ጥቂት ንጹሕ ውኃ ይጨምርበታል፤ ባለሙያዎች የአልኮሉን መጠን ብዙ ጊዜ ወደ 20 በመቶ ገደማ የሚያወርዱት፣ ማቃጠሉ ሲበርድ ከበስተኋላው የነበረው ሁሉ ስለሚገለጥ ነው። በዚህ ጊዜ ከቫኒላው ሥር ድርቆሹና ጥቂት ቀረፋ መሰል ሽታ ተለይተው ከወጡ የሳሩ ዝግጅት የተሳካ ነው፤ የከረሜላ ሽታ ብቻ ከቀረ ግን ሰው ሠራሽ ማጣፈጫ መጠርጠር ተገቢ ነው።

ዋናው ፈተና የሚመጣው መጠጡ ምላስ ላይ ሲያርፍ ነው። ሽታው ጣፋጭነትን ቢያስጠብቅም ኩማሪን ራሱ መራራ ስለሆነ፣ በጥሩ የጎሽ ሳር ቮድካ ከዋጡ በኋላ ቀለል ያለ፣ ምራቅ የሚያመጣ ምሬት ይቀራል፤ ስኳር የበዛበት መጠጥ ይህን ምሬት ስለሚደፍነው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚጠጣ ሰው ቢስማማም በምዘና ዝቅ ሊል ይገባዋል። ሳሩ ከአልኮሉ ጋር ካልተዋሐደ ደግሞ ሁለቱ ተለያይተው ይሰማሉ፦ መጀመሪያ ሽቶ፣ ቀጥሎ እሳት።

ቀማሹ በፊቱ ያለው መጠጥ ለየትኛው አገር ገበያ እንደተሠራም ማወቅ ይኖርበታል። አሜሪካ ኩማሪን በቤተ ሙከራ እንስሳት ጉበት ላይ ባሳየው ጉዳት ምክንያት ከ1954 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደ ምግብ እንዳይጨመር ስለከለከለች፣ ለዚያ ገበያ ኩማሪን የሌለበት ዝግጅት ቀርቧል፤ በዚህኛው ዝግጅት ያን የመጨረሻ ምሬት ፈልጎ በማጣት ነጥብ መቀነስ ፍትሐዊ አይሆንም።