ኢኮ ላይ ያለው ቁጥር ስለ ልብዎ ምን ይናገራል?

የልብ ድካም ይዞዎት ከሐይቅ ወይም ከውጫሌ ወደ ደሴ ሪፈር ተጽፎልዎት ከሆነ፣ ኢኮ ሳይታዘዝልዎት አልቀረም። ኢኮ በድምፅ ሞገድ ልብን እየመታ የሚያሳይ ምርመራ ነው። ጨረር የለውም፤ አያምምም። ውጤቱ ላይ «ኢኤፍ» ከሚለው ጎን በመቶኛ የተጻፈ ቁጥር ያገኛሉ።

ቁጥሩ ምንድን ነው? የልብ ግራ ክፍል በደም ይሞላል፤ ከዚያ ተጨምቆ ደሙን ወደ ሰውነት ይገፋል። 120 ሚሊ ሊትር ይዞ በአንድ ምት 70 ያህሉን፣ ማለትም አንድ ስኒ ቡና የሚሆነውን ከገፋ፣ ኢኤፉ 58 በመቶ ገደማ ነው። ጤነኛ ልብም የያዘውን ሁሉ አያስወጣም። ስለዚህ 55 ቢባሉ፣ ልብዎ በግማሽ ጉልበት ይሠራል ማለት አይደለም። 50ና ከዚያ በላይ ደህና የሚባል ነው። ከ41 እስከ 49 ትንሽ ቀንሷል፤ 40ና ከዚያ በታች ደግሞ ደክሟል ይባላል።

ቁጥሬ ዝቅ ካለ ዕድሜዬ አጭር ነው? አደጋው ይጨምራል፤ ፍርድ ግን አይደለም። ቻርም የተባለው ጥናት 7,599 የልብ ድካም ሕሙማንን ተከታትሎ ነበር። ኢኤፍ ከ45 በታች በየ10 ነጥቡ ዝቅ ባለ ቁጥር፣ የመሞት አደጋው በ39 በመቶ ያህል ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ከ45 በላይ ግን 50 በሆነና 60 በሆነ ሰው መካከል ይህን ያህል ልዩነት አልታየም። ይህ የብዙ ሰው አማካይ ነው፤ የእርስዎን ቀን አይቆጥርም።

ቁጥሬ ደህና ከሆነ ሕመም የለብኝም? አይደለም። ልብ በደንብ እየጨመቀ፣ ነገር ግን ደንድኖ መሙላት ሊያቅተው ይችላል። በአገራችን ደግሞ በልጅነት ከሚይዝ የጉሮሮ ሕመም ተነሥቶ የልብን በር የሚጎዳ በሽታ፣ ሩማቲክ የሚሉት፣ ብዙ ነው። በሩ ከጠበበ ኢኤፉ 60 ሆኖም ሰውየው ዳገት መውጣት ያቅተዋል። በሩ ካልገጠመ ደሙ ወደ ኋላ ስለሚመለስ ቁጥሩ ከእውነተኛው ጉልበት በላይ ይታያል። ስለዚህ ስለ በሮቹም ይጠይቁ።

ቁጥሩ ይሻሻላል? ብዙ ጊዜ አዎ። እንደ ኢናላፕሪል፣ ካርቬዲሎልና ስፓይሮኖላክቶን ያሉ መድኃኒቶች የደከመን ልብ ያግዛሉ። ከወሊድ ጋር ተያይዞ ልባቸው የደከመ እናቶች በወራት ውስጥ የሚያገግሙበት ጊዜ ብዙ ነው። ላሲክስ የተባለው መድኃኒት ግን በሰውነት የተጠራቀመውን ውኃ አውጥቶ ትንፋሽ ይሰጣል እንጂ ቁጥሩን አያሳድግም። ስለዚህ እብጠቱ ጎደለ ብለው ሌሎቹን አያቋርጡ። ጨው ይቀንሱ። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ውኃ ስለሚያስቋጥሩ፣ ለወገብ ሕመም ብለው በራስዎ አይውሰዱ። በሦስት ቀን ውስጥ ክብደትዎ በ2 ኪሎ ከጨመረ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ።

ወጪውስ? ዋናው ወጪ ኢኮው ሳይሆን በየወሩ የሚወሰደው መድኃኒትና የደሴ መመላለሻው ነው። ሐይቅ ያለችበት ተሁለደሬ ወረዳ በ2003 ዓ.ም. የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ከተሞከረባቸው 13 ወረዳዎች አንዷ ናት። መድኑ የሚሠራው ግን ከጤና ጣቢያ ጀምረው በሪፈር ሲሄዱ ነው፤ ዘለው ከሄዱ ከኪስዎ ይከፍላሉ። መድኃኒቱ ከተቋሙ ሲያልቅም ከግል ፋርማሲ መግዛት ይመጣል። ስለዚህ ሐኪሙን «ቢጠፋ በምን ልተካው?» ብለው አስቀድመው ይጠይቁ።

የመጀመሪያውን የኢኮ ወረቀት አይጣሉት። መድኃኒቱ በሚገባው መጠን ከተወሰደ ከሦስት ወር ገደማ በኋላ ምርመራው ይደገማል። ልዩነቱ 5 ነጥብ ብቻ ከሆነ የአለካክ ጉዳይ ሊሆን ይችላል፤ አይደናገጡ። ከ30 ወደ 42 ከወጣ ግን ልብዎ ለመድኃኒቱ መልስ ሰጥቷል ማለት ነው። ያኔም ቢሆን መድኃኒቱ ይቀጥላል፤ ካቋረጡት ልቡ ተመልሶ ሊደክም ይችላል።