ከዓሣው በፊት ውኃው፦ የወርቃማ ዓሣን የሕመም ምልክቶች ስለ ማንበብ



የዛሬው ርእሳችን በተለምዶ ጎልድፊሽ የምንለው፣ በሳይንሳዊ ስሙ ካራሲየስ አውራተስ የሚባለው ወርቃማ ዓሣ ነው። ይህን ዓሣ በመጀመሪያ ያላመዱት ቻይናውያን ሲሆኑ፣ በሰው እጅ መርባት ከጀመረ ከሺህ ዓመት ያላነሰ ጊዜ አስቆጥሯል። በመልካም አያያዝ ከ10 እስከ 20 ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይኖራል። ሆኖም በየቤቱ ተገዝቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የሚሞተው ብዙ ነው፤ ባለቤቱም «ዕድሜው እንዲሁ አጭር ነው» ብሎ ይጽናናል። ከዚህ አዳራሽ ይዛችሁ እንድትወጡ የምፈልገው ሐሳብ አንድ ነው፦ በዓሣው ገላ ላይ የሚታየው ምልክት አብዛኛውን ጊዜ የሚናገረው ስለ ውኃው ነውና፣ መርማሪ ከዓሣው በፊት ውኃውን ይመርምር።

ውኃውና ስንጥቡ

ላም ወይም በግ ስንመረምር እንስሳው በአንድ ወገን፣ አካባቢው በሌላ ወገን ይቆማሉ። በዓሣ ዘንድ ይህ ድንበር እጅግ ቀጭን ነው። ደሙን ከውኃው የሚለየው የስንጥቡ ስስ ሽፋን ብቻ ነው፤ በዚያው ሽፋን ኦክስጅን ይገባል፣ ጨው ይመጣጠናል፣ ከፕሮቲን ቅሪት የሚመነጨው አሞንያም አብዛኛው በዚያው ይወጣል። በወንዝ ውስጥ አሞንያው በጅረቱ ይወሰዳል። በመስታወት ገንዳ ውስጥ ግን መሄጃ ስለሌለው ተመልሶ ዓሣውን ይመርዛል።

በተረጋጋ ገንዳ ውስጥ ይህን መርዝ የሚያስወግዱት በማጣሪያው ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናቸው። አንደኛው ወገን አሞንያን ወደ ናይትራይት፣ ሌላው ናይትራይትን ጉዳቱ ወደሚያንሰው ናይትሬት ይለውጣል። እነዚህ ባክቴሪያዎች በበቂ መጠን እስኪራቡ በአማካይ ከ4 እስከ 6 ሳምንታት ይወስዳል። አዲስ ገንዳ ውስጥ የገቡ ዓሦች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚሞቱበት ዋነኛ ምክንያት ይህ ነው። ወርቃማ ዓሣ ጨጓራ የሌለው፣ በተፈጥሮው ቀኑን ሙሉ ሲለቃቅም የሚውል ፍጥረት ነው። ምግብ በለመነ ቁጥር የሚሰጠው ባለቤት አሞንያውን በገዛ እጁ ያበዛል።

በዚህ ላይ የከተማችን ከፍታ ሊዘነጋ አይገባም። በባሕር ጠለል 20 ዲግሪ ሴልሺየስ የሆነ ውኃ በሊትር 9 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል። ወደ 2,350 ሜትር ከፍታ ላይ በምትገኘው አዲስ አበባ ግን የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ በመሆኑ፣ በዚያው ሙቀት የሚይዘው ወደ 7 ሚሊግራም ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ በውጭ አገር መጻሕፍት የተጻፈው የዓሣና የውኃ ምጣኔ እንዳለ ሊወሰድ አይችልም፤ ለእኛ ሰፋ ያለ ገንዳና የማያቋርጥ የአየር ፓምፕ ያስፈልጋል።

ሦስት ጥያቄዎች

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። ዓሣ ሕመሙን ደባቂ ነው፤ አይጮኽም፣ ፊቱም አይለዋወጥም። ስለዚህ ጥያቄው ለባለቤቱ ይቀርባል።

የመጀመሪያው፣ የታመሙት ስንት ናቸው? በገንዳው ያሉት ሁሉ በአንድ ቀን ከታመሙ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ውኃው ነው። ሕመሙ ከአንዱ ወደ ሌላው በቀናት ውስጥ ከተዛመተ ተላላፊ ተህዋስ ይታሰባል። አንዱ ብቻ ታሞ ሌሎቹ ደህና ከሆኑ ደግሞ ምክንያቱ በዚያው ዓሣ ውስጥ ይፈለጋል።

ሁለተኛው፣ በቅርቡ ምን ተለወጠ? አዲስ ዓሣ ገብቷል? ማጣሪያው በቧንቧ ውኃ ታጥቧል? በቧንቧ ውኃ ውስጥ ያለው ክሎሪን ስንጥብን ያቃጥላል፤ የማጣሪያውን ባክቴሪያም ይገድላል።

ሦስተኛው፣ የውኃው ልኬት ምን ያሳያል? አሞንያና ናይትራይት ዜሮ ሊሆኑ ይገባል። ከአሞንያው ጎን ፒኤች ካልተነበበ ግን ልኬቱ ጎዶሎ ነው፤ ፒኤች ከ7 ወደ 8 ሲወጣ መርዛማው የአሞንያ ክፍል ወደ አሥር እጥፍ ያድጋልና።

ምልክቶቹና የሚያሳስቱት

ዓሣው ወደ ውኃው ገጽ ወጥቶ አፉን ደጋግሞ የሚከፍት ከሆነ ችግሩ የትንፋሽ ነው። ምክንያቱ የኦክስጅን ማነስ፣ አሞንያ፣ ናይትራይት ወይም የስንጥብ ጥገኛ ተህዋስ ሊሆን ይችላል። የስንጥቡ ቀለም ያግዛል፦ ጤናማው ደማቅ ቀይ ነው፤ ናይትራይት የደሙን ኦክስጅን ተሸካሚ ስለሚያበላሽ ስንጥቡ ወደ ቡናማ ያደላል፤ የገረጣና በልጋግ የተሸፈነ ከሆነ ጥገኛ ተህዋስ ይጠረጠራል።

የጨው ቅንጣት የሚመስሉ ነጫጭ ነጠብጣቦች በገላውና በክንፎቹ ላይ ከታዩ፣ ኢክቲዮፍቲሪየስ የተባለው ጥገኛ ተህዋስ ነው ብለን እንጠረጥራለን። ነገር ግን በመራቢያ ወቅት በወንዱ የስንጥብ መክደኛና በፊት ክንፎቹ አጥንት ላይ ብቻ የሚወጡ ነጫጭ ነጥቦች ጤናማ ናቸው። ልዩነቱን የማያውቅ ሰው ጤነኛውን ዓሣ በመድኃኒት ያሠቃያል። እንደዚሁም ከአሞንያ ጉዳት በኋላ የሚወጣ ጥቁር ነጠብጣብ ብዙ ጊዜ የመዳን ምልክት ነው፤ ባለቤቱ የሚደነግጠው ግን ልክ በዚያን ጊዜ ነው።

ቅርፊቶቹ ቆመው ሆዱ ሲነፋ፣ ኩላሊቱ ያለማቋረጥ ወደ ገላው የሚሰርገውን ውኃ ማስወጣት ተስኖታል ማለት ነው። ይህ ራሱን የቻለ በሽታ ሳይሆን የብዙ በሽታዎች የመጨረሻ ደጃፍ ነው፤ ከዚህ ከደረሰ ተስፋው የመነመነ ነው። በጀርባው የሚንሳፈፍ ድቡልቡል ዝርያ ደግሞ፣ አከርካሪው በሰው ምርጫ አጥሮ የአየር ከረጢቱ ስለተጨናነቀ ሊሆን ይችላል። የሰው ምርጫ ያጣመመውን አከርካሪ የትኛውም መድኃኒት አያቀናውም።

ስለ ሕክምናው

የተለመደው ስሕተት ምርመራ ሳይደረግ አንቲባዮቲክ ገንዳው ውስጥ መጨመር ነው። መድኃኒቱ ጠቃሚዎቹን ባክቴሪያዎች ሊገድል ይችላል፤ አሞንያው ይጨምራል፤ ዓሣው ይብስበታል፤ ባለቤቱም «በሽታው ከበደ» ብሎ መጠኑን ያሳድጋል። መድኃኒት የሚቋቋሙ ባክቴሪያዎች እንዲበራከቱም በር ይከፈታል። በነጭ ነጠብጣቡ ተህዋስ ላይም ቢሆን መድኃኒት የሚሠራው ተህዋሱ ከዓሣው ቆዳ ወጥቶ በውኃው ውስጥ በሚዋኝበት ጊዜ ብቻ ስለሆነ፣ ነጠብጣቡ ጠፋ ተብሎ ሕክምናው መቋረጥ የለበትም።

የመጀመሪያው ሕክምና ውኃውን በከፊል መቀየር፣ ምግብ ማቆምና አየር መጨመር ነው። የሚገባው ውኃ ክሎሪኑ የተወገደለትና ሙቀቱ የተቀራረበ ይሁን። ለረጅም ጊዜ ያልተቀየረ ውኃ ግን በአንድ ጊዜ አይቀየር፤ ፒኤቹ በድንገት ሲወጣ ጉዳት ያላደርስ የነበረው አሞንያ መርዝ ይሆናልና። ይህ ተደርጎ ዓሣው ካልተሻለው ከቆዳውና ከስንጥቡ ናሙና ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ይታያል፤ የመድኃኒቱ ጉዳይ የሚነሣው ከዚህ በኋላ ነው።

ውድ ተማሪዎች፣ ነገ በሐይቆቻችን ዳር የምግብ ዓሣ እርባታ ስትመረምሩ የምታገኙት ሥርዐት ይኸው ነው። ያኔ በገንዳው ውስጥ ያለው የአንድ ቤተሰብ እንጀራ ይሆናል። በትንሹ ገንዳ ውኃውን አስቀድሞ መለካት የለመደ ሐኪም፣ በትልቁም መርፌውን ከመምዘዙ በፊት ውኃውን ይለካል።