እውነት እንደየሰው ነውን?

በዛሬው ዘመን በወጣቶች ዘንድ እጅግ የተወደደ አንድ አነጋገር አለ። ሁለት ሰዎች ተከራክረው ማስረጃ ሲያልቅባቸው፤ ሦስተኛው እንደ ሽማግሌ መካከል ገብቶ «ተዉት እንግዲህ፤ ለእርሱ እውነቱ ያ ነው፤ ለአንተ ደግሞ ይህ ነው፤ እውነት እንደየሰው ነው» ይላል። ክርክሩም በዚያው ይቆማል። አነጋገሩ ትሕትናና ቸርነት ያለበት ስለሚመስል የሚቃወመው ሰው ጥቂት ነው። እኔ ግን በዚህ ዓመት መጽሔታችን ላይ ልቃወመው አስቤ ብዕሬን አንሥቻለሁ።

የምደግፈው ትምህርት ረጅም ስም አያስፈልገውም። ይኸውም ነገር ሁሉ እኛ ስለ እርሱ ከምናስበው ተለይቶ በራሱ ይገኛል፤ ንግግራችንም እውነት የሚባለው ከዚያ ነገር ጋር ሲስማማ ነው፤ ብንወደውም ብንጠላውም አይለወጥም የሚል ነው።

በእርግጥ እንደየሰው የሆነ ነገር መኖሩን አልክድም። ለአንዱ በርበሬው የበዛበት ወጥ ለሌላው አልጫ ነው፤ የልብስ ቀለምና የዘፈን ጣዕምም እንዲሁ ነው። ይህን ለየባለቤቱ ትቼ ወደ ዋናው ነገር እሄዳለሁ።

«ታዲያ ሰዓትና ቀን እንደየአገሩ አይደለምን?» የሚሉ አሉ። እኛ ከጧቱ አንድ ሰዓት የምንለውን አውሮፓውያን ሰባት ሰዓት ይሉታል። የአድዋ ድል የተገኘው በእኛ አቈጣጠር የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ሲሆን፤ በእነርሱ አቈጣጠር ማርች 1 ቀን 1896 ነው። እነሆ እውነት ሁለት ሆነ ይሉናል። ነገሩን ቀረብ ብለን ብንመረምረው ግን የሚያስረዳው ተቃራኒውን ነው። ሁለቱም ቍጥሮች የሚጠሩት አንዱን እሑድ ነው። በዚያ ቀን ፀሐይ ለሁለቱም ሠራዊት የወጣችው አንድ ጊዜ ነው። አንዱን አቈጣጠር ወደ ሌላው መመለስ የምንችለውም፤ ከሁለቱ ስሞች በስተኋላ አንድ ቀን ስላለ ነው። አቡጀዲን በክንድም ለኩት በሜትርም ለኩት፤ ጨርቁ በዚህ ምክንያት አይረዝምም፤ አያጥርምም።

አሳቡ ዛሬ የተወለደ አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በአምስተኛው መቶ ዓመት የኖረው ግሪካዊው ፕሮታጎራስ፤ የነገር ሁሉ መለኪያው ሰው ነው ብሎ አስተምሮ ነበር። ፕላቶን «ቴአይቴቶስ» በተባለው መጽሐፉ ውስጥ ሶቅራጥስን እያናገረ ለዚህ መልስ ሰጥቷል፤ አሳቡን በራሴ ቃል ብገልጸው እንዲህ ነው፦ ለእያንዳንዱ ሰው የመሰለው ሁሉ እውነት ከሆነ፤ «ፕሮታጎራስ ተሳስቷል» ብሎ የሚያምነውም ሰው እውነት አለው ማለት ነው። እንግዲያው ፕሮታጎራስ ይህን ሰው ምን ብሎ ሊመልሰው ነው? ተሳስተሃል ቢለው የራሱን ትምህርት አፈረሰ፤ ልክ ነህ ቢለውም አፈረሰ። ዛሬም «እውነት እንደየሰው ነው» የሚለንን ወዳጃችንን «ይህ ያልኸው ነገር ራሱ ለሁላችን እውነት ነው ወይስ ለአንተ ብቻ?» ብለን ብንጠይቀው መልሱ ይቸግረዋል።

አባቶቻችንም ቢሆኑ በዚህ ነገር የዋዛ አልነበሩም። በጥንቱ የሙግት ሥርዓት ተሟጋቾች በዳኛ ፊት ቆመው «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ ሲከራከሩ፤ በማርና በበቅሎ ይወራረዱ እንደ ነበር ታላላቆቻችን ይነግሩናል። ሁሉም የየራሱ እውነት ቢኖረው ኖሮ ውርርዱን የሚረታ ማን ይሆን ነበር? በቅሎይቱስ ወደ ማን ቤት ትሄድ ነበር?

ነገር ግን ጉዳዩ የፍልስፍና ጨዋታ ብቻ እንዳይመስል፤ የአገራችን ነጻነት የተፈተነበትን አንድ ታሪክ ላስታውስ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በወሎ ውጫሌ ላይ በዳግማዊ ምኒልክና በኢጣልያ መንግሥት መካከል ውል ተፈረመ። የኢጣልያ መልእክተኛ ኮንት አንቶኔሊ ነበር። ውሉ በአማርኛና በኢጣልያንኛ የተጻፈ ሲሆን፤ የአሥራ ሰባተኛው አንቀጽ ሁለቱ ጽሑፎች አይስማሙም። አማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ ቢፈልጉ በኢጣልያ መንግሥት አማካይነት ሊጠቀሙ እንደሚቻላቸው ይናገራል። ኢጣልያንኛው ግን በዚሁ መንገድ ለመጠቀም እንደ ተስማሙ አድርጎ ይጽፋል። የመጀመሪያው ፈቃድ ነው፤ ሁለተኛው ማሰሪያ ነው። ኢጣልያም በዚህ ተመርኵዛ በጥቅምት ወር 1882 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በእርሷ ጥበቃ ሥር እንደ ሆነች አድርጋ ለኀያላን መንግሥታት አስታወቀች። ንጉሠ ነገሥቱ ነገሩን ከተረዱ በኋላ በብርቱ ተቃወሙ፤ እቴጌ ጣይቱም ከአንቶኔሊ ጋር ተከራከሩ፤ በ1885 ዓ.ም. ውሉ መፍረሱ ተነገረ፤ ከዚያም አድዋ መጣ። በጥቅምት ወር 1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተፈረመው የሰላም ውልም የውጫሌው ውል ተሰረዘ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፤ እውነት እንደየሰው ነው የሚለውን ወዳጃችንን በዚያን ጊዜ በእልፍኙ ውስጥ አስቀምጠን እንመልከተው። ምን ይል ነበር? «ለኢጣልያ ጥበቃ መኖሩ እውነት ነው፤ ለኢትዮጵያ አለመኖሩ እውነት ነው» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አይኖረውም። ሁለት እውነቶች ከተፋጠጡ ደግሞ የሚዳኛቸው መድፍ ብቻ ነው። አንዳንድ ሰው «በመጨረሻስ የዳኘው መድፍ አይደለምን?» ይል ይሆናል። ጦርነቱን የዳኘውስ ጦር ነው፤ በአማርኛው አንቀጽ ላይ የተጻፈውን ግን የዳኘው ጦር አልነበረም። በአድዋ ተሸንፈን ቢሆን ኖሮ እንኳ፤ ዓለምም ሁሉ የኢጣልያን ቃል ተቀብሎ ቢሆን ኖሮ፤ በዚያ ወረቀት ላይ ከሰፈረው ፊደል አንዱ አይለወጥም ነበር። የተሸነፈ ሰው «ተበድያለሁ» ብሎ መናገር የሚችለው፤ አሸናፊው ሊያሸንፈው የማይችል አንድ ነገር ስላለ ነው። ለልዩነቱ ጥፋተኛው ማን እንደ ነበረ፤ ሆን ተብሎ ይሁን ወይም በትርጕም ስሕተት፤ የታሪክ ጸሐፊዎች ተከራክረዋል። ይህ ክርክራቸው ራሱ የሚፈለግ አንድ የሆነ ነገር መኖሩን ያሳያል።

በዘመናችን ወሬ በእጅ ስልክ ላይ በቅጽበት ይደርሳል። ስለ አንዱ ድርጊት ሦስት ወገን ሦስት ነገር ያወራል፤ ሰሚውም ሲደክመው «ሁሉም የራሱ እውነት አለው» ብሎ ስልኩን ወደ ኪሱ ይመልሳል። መድከሙ አይፈረድበትም። ነገር ግን ቤቱ ተቃጥሎ በአመዱ ላይ የቆመ አንድ ሰው እናስብ። ለዚህ ሰው «መቃጠሉ የአንተ እውነት ነው» ማለት ምን ዓይነት ቸርነት ነው? ቤቱ ወይ ተቃጥሏል፤ ወይ አልተቃጠለም። አላውቅም ማለት ይቻላል፤ ገና አልተጣራም ማለትም ይቻላል። የማይቻለው የሚጣራ ነገር የለም ማለት ነው።

ከተቃዋሚዎቼ የምሰማው ብርቱ ክርክር አንድ ነው። «አንድ እውነት አለ የሚል ሰው እውነቱን የያዝሁ እኔ ነኝ ብሎ ሌላውን ይጨቍናል» ይላሉ። እንዲህ ያሉ ሰዎች በታሪክ ውስጥ መኖራቸው የታወቀ ነው። ነገር ግን እውነት አለ ማለትና እውነት በእጄ ናት ማለት ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው። እንዲያውም «ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል» ለማለት የሚችል፤ ከራሱ አሳብ ውጭ የሚሳሳትበት ነገር መኖሩን የሚያምን ሰው ብቻ ነው።

ይህ ትምህርት ደስ በሚያሰኘን ጊዜ ብቻ ሳይሆን በሚከብደንም ጊዜ ሊያዝ ይገባል። ለዚህም «ሐተታ ዘርዓ ያዕቆብ» የተባለው የግእዝ መጽሐፍ ምስክር ነው። ደራሲው በአክሱም አጠገብ እንደ ተወለደ፤ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ሸሽቶ ሁለት ዓመት በዋሻ እንደ ተቀመጠ፤ በኋላም በእንፍራዝ እንደ ኖረ በመጽሐፉ ይናገራል። የተጻፈበትም ዘመን በአውሮፓውያን አቈጣጠር 1667 ነው ይላል። ሰው እግዚአብሔር በሰጠው ልቡና ሁሉን እንዲመረምር የሚያስተምር በመሆኑ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኰሩበታል፤ እኔም ከእነርሱ አንዱ ነኝ።

ነገር ግን መጽሐፉን ወደ አውሮፓ የላከው በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት በአገራችን የኖረ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለ የኢጣልያ ካፑቺን መነኵሴ ነው። ኮንቲ ሮሲኒ የተባለው ኢጣልያዊ ሊቅ በ1920 እ.ኤ.አ. ደራሲው ይኸው መነኵሴ ራሱ ነው ብሎ ጻፈ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ካናዳዊው ክሎድ ሰምነር በበኩላቸው የዘርዓ ያዕቆብ ነው ብለው በሰፊው ተከራከሩ። ታላቁ የግእዝ ሊቅ ጌታቸው ኃይሌ አስቀድመው ይጠራጠሩ ከነበሩ በኋላ ወደ ዘርዓ ያዕቆብ ወገን ተመለሱ። ክርክሩ እስከ ዛሬ አላለቀም።

አንድ ሰው ይህን ሰምቶ «ለፈረንጅ የጁስቶ፤ ለእኛ የዘርዓ ያዕቆብ ይሁንልን» ቢል ለአገሩ የሚያደላ ይመስለዋል። እኔ ግን ይህን ስጦታ አልቀበልም። በውጫሌው አንቀጽ ላይ «ለኢጣልያ እንዲህ፤ ለእኛ እንዲህ» የሚለውን ነገር እንቢ ያልን ሰዎች፤ የሚጠቅመን ሲመስለን እሺ ልንለው አንችልም። መጽሐፉን የጻፈው ሰው አንድ ቀን ብዕሩን በቀለም ነክሮ ጽፎታል፤ ማን እንደ ነበረም የተቈረጠ ነገር ነው። ኢትዮጵያዊ ስለ ሆንሁ ዘርዓ ያዕቆብ አይፈጠርም፤ ኮንቲ ሮሲኒ ዝነኛ ስለ ሆነም አይጠፋም።

ሁለቱ የእጅ ጽሑፍ ቅጂዎች ዛሬ በፓሪስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። የጽሕፈቱ ዓይነት፤ መነኵሴው የጻፋቸው ደብዳቤዎች፤ ከሁሉም ይልቅ የግእዙ አነጋገር የአገር ተወላጅ ወይም የባዕድ ሰው መሆኑ ሊመረመር የሚችል ነገር ነው። ለዚህም ግእዝን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል፤ በእኛ ዕድሜ ያሉ ተማሪዎች ግን ወደዚህ ትምህርት ብዙም አይሄዱም። እኔ እስካሁን ባነበብሁት ወደ ዘርዓ ያዕቆብ አደላለሁ። ግእዝ መማር ከጀመርሁ ሦስት ወር ሆኖኛል፤ ገና ግሥ በማጥናት ላይ ነኝ።