ዕቃ ሳይይዙ መነገድ፦ ድሮፕሺፒንግ እንዴት ይሠራል?

ድሮፕሺፒንግ የሚባለው ንግድ ስሙ ይክበድ እንጂ አሠራሩ ቀላል ነው። ሻጩ መጋዘን የለውም፤ ዕቃም ገዝቶ አያስቀምጥም። የአቅራቢውን ዕቃ ፎቶ በራሱ ገጽ ላይ ይለጥፋል፤ ዋጋውንም የራሱን ትርፍ ጨምሮ ይጽፋል። ደንበኛ አዝዞ ሲከፍል ትዕዛዙን ለአቅራቢው ያስተላልፋል፤ አቅራቢውም በቀጥታ ለደንበኛው ይልካል።

«ታዲያ ከደላላ በምን ተለየ?» የሚል አይጠፋም። ደላላ ገዥና ሻጭ አገናኝቶ ኮሚሽኑን ተቀብሎ ይሄዳል። ይሄኛው ግን በራሱ ስም ነው የሚሸጠው። ጫማው ቢጠብ ደንበኛው የሚይዘው እሱን እንጂ መርካቶ ያለውን ባለሱቅ አይደለም።

ገለምሶ ላይ ሆኖ ለመጀመር የውጭ አገር አቅራቢ መፈለግ የግድ አይደለም፤ ዶላር መክፈሉ ራሱ ጣጣ ነው። መርካቶ ይበቃል። ማስታወቂያው በቴሌግራም፣ ክፍያው በ2013 ዓ.ም. በተጀመረው ቴሌብር ያልቃል። ችግሩ መንገዱ ነው። ዕቃው በአውቶቡስ ጭሮ ደርሶ፣ በበደሳ በኩል ነው ገለምሶ የሚገባው። ለምሳሌ ጫማው ከአቅራቢው 1,500 ብር ቢሆን፣ በ2,000 ቢሸጥና ማጓጓዣው 150 ቢሆን 350 ብር ይተርፋል። ቁጥሩ አልሆን ብሎ ሲመለስና ሌላ ሲላክ ግን ተጨማሪ 300 ይወጣል። ቀረ 50፤ ያውም የስልኩ ሂሳብ ሳይታሰብ!

ስለዚህ ጀማሪው በቅድሚያ ለራሱ አንድ ዕቃ አስልኮ ጥራቱን ይይ፣ ስንት ቀን እንደፈጀም ይቁጠር። እንደ ስልክ ቻርጀር ያለ ልክ የማይጠይቅ ዕቃ ለመነሻ ይሻላል። የተበላሸ ዕቃ ማን እንደሚቀይር ከአቅራቢው ጋር አስቀድሞ ይስማማ። ደግሞም ፎቶው ገጹ ላይ አለ ማለት ዕቃው ሱቁ ውስጥ አለ ማለት አይደለምና፣ ሳይደውል ከደንበኛ ገንዘብ አይቀበል።