ነገረ መለኮት ከየት ይጀምራል? ከአሸተን እስከ ዊተንበርግ

አሸተን ማርያም ከላሊበላ ከተማ በላይ፣ ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ፣ ከዐለት ተፈልፍላ የተሠራች ቤተ ክርስቲያን ናት። በትውፊት ቅዱስ ላሊበላ አስጀምሯት ቅዱስ ነአኩቶ ለአብ ፈጽሟታል ይባላል። ዳገቱን በእግሩ ወይም በበቅሎ የወጣ እንግዳ በጠባቡ የዐለት መተላለፊያ ሾልኮ ሲገባ፣ ቄሱ መስቀል ያሳልሙታል፤ ብራናውንም ገልጠው ሥዕሉን ያሳዩታል። ይህ እንግዳ፣ “ማርያም በትምህርታችሁ ውስጥ ስፍራዋ የት ነው?” ብሎ ቢጠይቅ፣ የሚላከው ወደ ምሥጢረ ሥጋዌ ነው።

ምሥጢረ ሥጋዌ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከምታስተምራቸው አምስቱ አዕማደ ምሥጢር ሁለተኛው ነው። የመጀመሪያው ምሥጢረ ሥላሴ ሲሆን፣ ጥምቀት፣ ቁርባንና ትንሣኤ ሙታን ይከተላሉ። ቅደም ተከተሉ እንዲያው በዘፈቀደ የተደረደረ አይደለም። አስቀድሞ እግዚአብሔር ማን እንደ ሆነ ይነገራል፦ በስም፣ በግብርና በአካል ሦስት፣ በባሕርይና በመለኮት አንድ። መምህራኑ ለዚህ የፀሐይን ክበብ፣ ብርሃንና ሙቀት ይመስላሉ። ከዚያ ከሦስቱ አንዱ፣ ወልድ፣ ከድንግል ሥጋ ይነሣል። ምእመኑ ደግሞ፣ ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ተጠምቆ ልጅነትን ያገኛል፤ ሥጋውንና ደሙን ይቀበላል፤ በመጨረሻው ቀን ይነሣል። ከሥላሴ ተነሥቶ መቃብር ሲከፈት የሚያበቃ አንድ ታሪክ ነው ማለት ይቻላል።

የሉተራውያን አከፋፈል ሌላ በር አለው። እ.ኤ.አ. በ1521 የማርቲን ሉተር ባልደረባ ፊልጶስ ሜላንክቶን የመጀመሪያውን የሉተራውያን ስልታዊ ነገረ መለኮት ሲያወጣ፣ የሮሜን መልእክት ተከትሎ ስለ ኀጢአት፣ ስለ ሕግ፣ ስለ ወንጌልና ስለ ጸጋ ጻፈ። ምሥጢረ ሥላሴን ግን ሆን ብሎ ዘለለው። ክዶት አይደለም፤ ይህን ምሥጢር ከመመርመር መስገድ ይሻላል የሚል አቋም ነበረው። ለአሸተን መምህር ይህ መሠረቱን ትቶ ግድግዳ ማቆም ነው የሚመስለው። ለነገሩ ሜላንክቶን ራሱም በ1535 እትሙ ከእግዚአብሔር ጀምሯል። የጨነቀው ሰው “እንዴት እድናለሁ?” የሚለው ጥያቄ ግን የትምህርቱ እምብርት ሆኖ ቀረ፤ ጽድቅ በእምነት ከሌሎቹ ርእሶች ሁሉ በላይ የገነነውም ለዚህ ነው። ሉተር እ.ኤ.አ. በ1529 ያዘጋጀው ትልቁ ካቴኪዝምም አምስት ክፍል አለው፤ መነሻው ግን ዐሠርቱ ትእዛዛት ናቸው።

የሁለቱ ወገን ሰዎች ፊት ለፊት ተገናኝተዋል። እ.ኤ.አ. በ1534 አባ ሚካኤል የተባለ ኢትዮጵያዊ ዲያቆን እስከ ጀርመኗ ዊተንበርግ ድረስ ሄዶ ከሉተርና ከሜላንክቶን ጋር ተወያየ። በጋራ ቋንቋ ይቸገሩ ስለ ነበር ምን ያህል በጥልቀት እንደ ተግባቡ እጠራጠራለሁ። ቢሆንም ሉተር በእምነት አንድ እንደ ሆኑ አምኖ በሐምሌ ወር የድጋፍ ደብዳቤ ጻፈለት። በእኔ ግምት፣ ውይይቱ ርእስ በርእስ ቢካሄድ ኖሮ ደብዳቤው አጠር ይል ነበር።

ለምሳሌ ያችኑ የአሸተኗን ማርያም እንውሰድ። ወላዲተ አምላክ መሆኗን ሁለቱም ያምናሉ፤ በ431 የተካሄደውን የኤፌሶን ጉባኤ ሁለቱም ይቀበላሉ፤ ሉተራውያንም እ.ኤ.አ. በ1577 ባወጡት የስምምነት መግለጫ ይህንኑ አጽንተዋል። እስከዚህ ድረስ ነገሩ ነገረ ክርስቶስ ስለ ሆነ ጠብ የለም። ጠቡ የሚመጣው “ለምኚልን” ሲባል ነው። የ1530ው የአውግስቡርግ የእምነት መግለጫ 21ኛ አንቀጽ፣ ቅዱሳን ይታሰቡ፣ አርአያነታቸውን ሰው ይከተል፣ ግን አይለመኑ ይላል፤ አማላጁ ክርስቶስ ብቻ ነውና። በሉተራውያን ዘንድ ጥያቄው ወደ ጽድቅ ምዕራፍ ይሻገራል፤ በኦርቶዶክሳውያን ዘንድ ግን ሥጋዌን ተከትሎ ነገረ ማርያም ተብሎ ራሱን የቻለ ትምህርት ይሆናል።

በቁርባን ሁለቱም ሥጋውና ደሙ በእውነት አለ ይላሉ፤ ሉተራውያን ግን ኅብስቱ ኅብስትነቱን አይለቅም ባዮች ናቸው። በ451 የኬልቄዶን ጉባኤም ይለያያሉ፤ ሉተራውያን ሲቀበሉት ተዋሕዶ አትቀበለውም።

የሉተርን ትምህርት በአገራችን የያዘችው የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ የተመሠረተችው በጥር 1951 ዓ.ም. ነው። እሷም ከአውሮፓ የመጣውን አከፋፈል እንዳለ ተቀብላ ዝም አላለችም። ቄስ ጉዲና ቱምሳ ዋና ጸሐፊ በነበሩበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1972 ለውጭ አጋሮቿ በላከችው ደብዳቤ ወንጌል መስበክንና ልማትን ለያይቶ መርዳትን ነቀፈች፤ ለልማት ገንዘብ የሚሰጠው፣ ለስብከቱ ሲሆን እጁን የሚሰበስበው፣ ሰውን ለሁለት የሚከፍል ነው በማለት። ሁለንተናዊ አገልግሎት የሚለው ርእስ ከዚያ ወዲህ የትምህርቷ አካል ሆኗል።