ቡናን ስበላው

አስተማሪ ሆኜ ከደብረ ማርቆስ ነገሌ ቦረና ስወርድ፣ ቡና ሌላ መልክ ይኖረዋል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ይቆላል፣ ይወቀጣል፣ ይፈላል፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ።

አከራዬ ግን ቡና ይበላሉ። ቡና ቀላ ይባላል። የደረቀውን ፍሬ ከነገለፈቱ፣ እኛ ጀንፈል የምንለውን፣ ጫፍ ጫፉን በጥርስ ይነክሱና በቅቤ ይጠብሱታል። በኦሮምኛ «ቀሉ» ማረድ ነው፤ ፍሬዋን መንከስ እንደ እርድ ይቆጠራል፤ ምርቃትም አለው። ፍሬው ቅቤው ውስጥ ሲፈነዳ ሽታው ግቢውን ይሞላዋል። ከወተት ጋር ይቀርባል፤ ቅቤውን እጅና ፊታቸውን ይቀቡታል።

ሁለት ዓመት ሙሉ ሲበሉ አየሁ። አንዳንዴ ጾም ይሆንብኛል፣ አንዳንዴ ሰበብ እፈጥራለሁ። በፋሲካ ማግስት፣ «ልጄ፣ ዛሬስ ጾም የለም» ብለው አቀረቡልኝ። ገለፈቱ እንደ ቆሎ ተንኮሻኮሸ፤ መጀመሪያ ቅቤው፣ ከዚያ ምሬቱ፣ ዘግይታ የመጣች ጣፋጭነት። ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ዕድሜ ልኬን ስጠጣው የኖርኩት ነገር ምግብ ከሆነ፣ ሌላስ ምን በአንድ ዓይን ብቻ እያየሁ ነው?

በኋላ ያነበብኩት አንድ ጥናት ያን ሌሊት አስታወሰኝ። እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመው በዚህ ጥናት ሲሞን ሪተርና ባልደረቦቿ ኔዘርላንድስ ውስጥ ሰዎችን የአገሩን የተለመደ ቁርስ፣ ቅቤና የቸኮሌት ፍርፋሪ ያለበት ዳቦ፣ አሠሩ፤ ግን በተገለበጠ ቅደም ተከተል። ቸኮሌቱ መጀመሪያ ሳህን ላይ ይበተናል፣ ቅቤ የተቀባው ዳቦ ተደፍቶ ይጫንበታል። በእጃቸው የሠሩት ሰዎች ሐሳብ ከአንድ ዓይነት ወደ ሌላው በቀላሉ ተሻገረ። ሌላ ሰው ሲሠራ በተመለከቱት ላይ ግን ይህ አልታየም። የእኔም ሁለት ዓመት እንዲሁ ነበር፤ ማየት ብቻ።

ይህ ግን ሁሉን መቅመስ አለብኝ ማለት አይደለም፤ ነገሌ ገበያ የግመል ወተትም አለ። እሱን አልቀምስም፤ ሃይማኖቴ አይፈቅድም። አዲስ ጣዕም መፈለግ እምነትን መተው አይደለም።

ክፍል ውስጥ ተማሪዎቼን «ቡና ለምን ለምን ይውላል?» አልኳቸው። ለምርቃት፣ ለስም ማውጫ፣ ለእንግዳ፣ ለቆዳ ቅባት፤ ሰሌዳው ሞላ። እኔ ብጠየቅ አንድ መስመር ነበር የምጽፈው።

ለዕረፍት አገሬ ስገባ ጀንፈል ይዤ ሄድኩና ድስት ላይ በቅቤ ጠበስኩት። እናቴ አንዷን ፍሬ ፊቷን አጨፍግጋ አኘከች፤ ከዚያ ዝም አለች። ትንሽ ቆይታ ድስቱን ወደ ራሷ ሳበችና፣ «ቅቤው ላይ ኮረሪማ ቢነካውስ?» አለችኝ።