3.70 ወይስ 4.11? የአሮጌው ፒክአፕ የዲፈረንሻል ጥርስ ምርጫ

አል ኑዓይሚያ ከሻርጃ ወሰን ጋር የተጎራበተ፣ ፎቅና ሱቅ የበዛበት የአጅማን ሰፈር ነው። ከዚህ ሰፈር የሚነሳ መኪና በአንድ ቀን ሦስት የተለያየ ጠባይ ያለው መንገድ ሊገጥመው ይችላል፤ ወደ ዱባይና አቡ ዳቢ የተዘረጋው አውራ ጎዳና፣ የአል በዳየር ቀይ አሸዋ፣ በሐጀር ተራሮች ውስጥ ወዳለችው የአጅማን ይዞታ፣ ወደ መስፉት፣ የሚያወጣው ዳገት። ለዘመኑ መኪና ይህ ምንም አይደለም፤ ስድስትም ስምንትም ማርሽ ያለው ካምቢዮ መንገዱን እያየ ይመርጣል። አራት ማርሽ ብቻ ላለው የ1970ዎቹ ፒክአፕ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ፍጥነቱንም ጉልበቱንም የሚወስነው ከኋላ አክስል መሐል በዘይት ውስጥ የተቀመጠው የዲፈረንሻል ጥርስ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በባሕረ ሰላጤው አገሮች ስለ አሮጌ ፒክአፕ ሲወራ ቀድሞ የሚነሳው ላንድክሩዘር ነው። ቶዮታ የ40 ተከታታዩን ከ1960 እስከ 1984 ሲያመርት ረጅሙ ፒክአፕ ኤፍጄ45 የሚል ስም ነበረው። በ1984 በ70 ተከታታይ ተተካ፤ የዚያ ዘር የሆነውን ፒክአፕ የአካባቢው ሰው ዛሬም «ሻስ» ይለዋል። ኢትዮጵያውያንም ይህን መኪና በደንብ ያውቁታል፤ የመስክ ሥራ ባለበት ሁሉ፣ ከወረዳ ጽሕፈት ቤት እስከ እርሻ ጣቢያ፣ አቧራ ለብሶ ቆሞ ይገኛል።

የዲፈረንሻሉ አሠራር ቀላል ነው። ከካምቢዮ የሚመጣው ዘንግ ጫፉ ላይ ፒኒየን የሚባል ትንሽ ጥርስ አለው፤ እሱ ክራውን የተባለውን ትልቁን ቀለበት ያዞራል፣ ክራውኑም ጎማዎቹን። ክራውኑ 37፣ ፒኒየኑ 9 ጥርስ ካለው ጎማው አንድ ጊዜ እንዲዞር ዘንጉ 4.11 ጊዜ መዞር አለበት። ፒኒየኑ 10 ጥርስ ሲኖረው ቁጥሩ 3.70 ይሆናል። ትልቁ ቁጥር ጉልበት ይሰጣል፣ ፍጥነት ይቀንሳል፤ ትንሹ ቁጥር በተቃራኒው። ፋብሪካዎች 37፣ 41 እና 43 የመሳሰሉ ለሌላ ቁጥር የማይካፈሉ ቁጥሮችን የሚወዱት ያለ ምክንያት አይደለም። እንዲህ ሲሆን አንዱ ጥርስ ሁልጊዜ ከዚያው ከአንዱ ጋር ብቻ አይገናኝም፤ እያንዳንዱ ከሁሉም ጋር በተራ ስለሚገጥም መበላቱ እኩል ይሆናል።

ወደ ሂሳቡ እንግባ። 7.50 በ16 የሆነው የቆየ የላንድክሩዘር ጎማ አንድ ጊዜ ሲዞር ወደ ሁለት ሜትር ተኩል ይሄዳል። በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ማለት በደቂቃ 2,000 ሜትር ስለሆነ ጎማው በደቂቃ 800 ጊዜ ይዞራል። አራተኛው ማርሽ አንድ ለአንድ ነውና 4.11 የተገጠመለት ሞተር በደቂቃ 3,290 ያህል ይዞራል፤ 3.70 ሲሆን 2,960። ከ1975 ጀምሮ የተገጠመው ባለ 4.2 ሊትሩ 2ኤፍ ቤንዚን ሞተር ከፍተኛውን የመጎተት አቅም የሚሰጠው በ1,800 ዙር አካባቢ፣ ከፍተኛውን የፈረስ ጉልበት በ3,600 ዙር ነው። ስለዚህ 4.11 ያለው ኤፍጄ45 በ120 ሲሄድ ወደ ጣሪያው ተጠግቶ ነው የሚሠራው። በሐምሌ ሙቀት፣ አስፋልቱ ሲፋጅ፣ እንዲህ ለሰዓታት መንዳት ራዲያተሩንም ቤንዚኑንም ይጎዳል። በአቡ ዳቢ በኩል ያለው አውራ ጎዳና ደግሞ እስከ 140 ይፈቅዳል፤ አሮጌ ፒክአፕ ከዚያ ጋር ሊወዳደር ባይገባውም ከኋላው የሚመጣው ግን በዚያ ፍጥነት ነው።

እስከዚህ ድረስ ያነበበ ሰው 3.70 ይሻላል ቢል አይፈረድበትም። ብዙዎች እዚህ ላይ ይቆማሉ፤ ችግሩም የሚጀምረው እዚህ ነው፤ ካምቢዮው ገና አልተጠየቀምና። ቶዮታ በ40ው ላይ ከገጠማቸው ባለ አራት ማርሽ ካምቢዮዎች አንዱ፣ ኤች41፣ አንደኛ ማርሹ 4.93 ገደማ ነው፤ ኤች42 ደግሞ 3.56። ኤች41 ከ4.11 ጋር ሲጣመር በአንደኛ ማርሽ ሞተሩ 20 ጊዜ ሲዞር ጎማው አንድ ጊዜ ነው የሚዞረው። ኤች42 ከ3.70 ጋር ሲሆን 13 ጊዜ ብቻ። ልዩነቱ ጭነት ይዞ አሸዋ ላይ ሲነሱ ይታያል። ሁለተኛው ፍሪሲዮኑን ይፈጃል፣ የመጀመሪያው ሳይጨነቅ ይነሳል።

ሁለቱንም ለሚፈልግ ሰው የተሻለው መፍትሔ ብዙ ጊዜ ከኋላ አክስሉ ውጭ ነው። ኤች55ኤፍ የተባለው ባለ አምስት ማርሽ የቶዮታ ካምቢዮ አንደኛው 4.84፣ አምስተኛው 0.845 ነው። ይህን ኃይሉን ለፊትና ለኋላ አክስል ከሚያከፋፍለው ትራንስፈር ኬዝ ጋር ገጥሞ 4.11ን ሳይነኩ ቢተዉት፣ በ120 ሞተሩ ወደ 2,780 ዙር ይወርዳል፤ ከ3.70ው እንኳ ያነሰ ማለት ነው። የአንደኛ ማርሹ ጉልበት ግን እንዳለ ይቆያል። ወጪው ከፍ ይላል፣ ዘንጎቹም ርዝመታቸው መስተካከል አለበት። ሆኖም በአንድ መኪና ጎዳናንም ዳገትንም ለሚሻ ባለቤት ከዚህ የተሻለ ጥምረት ማግኘት ከባድ ነው።

ጎማም ሳይነገር ጥርስ ይለውጣል። ከፋብሪካው 80 ሳንቲ ሜትር ገደማ ቁመት ባለው ጎማ ፋንታ ባለ 35 ኢንች፣ ማለትም 89 ሳንቲ ሜትር፣ የገጠመ ሰው 4.11ዱን ወደ 3.70 ቀይሮታል ማለት ይቻላል። ለአሸዋ ብሎ ትልቅ ጎማ አስሮ መኪናው ደከመ የሚል ባለቤት ሞተሩን ከመክፈቱ በፊት ይህን ማስላት አለበት።

መኪናው ወይም ዕቃው ወደ ኢትዮጵያ የሚሄድ ከሆነ ደግሞ ፍርዱ ይገለበጣል። ለብዙ ዓመታት ያገለገሉ መኪኖችና መለዋወጫዎች ከኤምሬትስ በጅቡቲ በኩል ወደ አገር ቤት ሲገቡ ቆይተዋል። በ2024 መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ደግሞ አገር ውስጥ ያለውን አሮጌ መኪና በመለዋወጫ ማቆየት ዋጋው ጨምሯል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ወደ 2,400 ሜትር ከፍ ስለምትል የአየሩ ግፊት ከአጅማን በሩብ ገደማ ያንሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር አቅሙም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርደው መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው፤ ወደ ደጀን ያንኑ ያህል ይወጣል። በዚያ ላይ 3.70 የገጠመ የተጫነ ፒክአፕ ሲወጣ ማርሽ ያሳጣል፣ ሲወርድ ደግሞ ሞተሩ መያዝ ያለበትን ክብደት ፍሬኑ ላይ ይጥላል። ለአጅማን አውራ ጎዳና ተብሎ የተቀየረ ጥርስ ሳይጠየቅ ወደ ጎጃም መንገድ መላክ የለበትም፤ እዚያ የጋለ ፍሬን ቁልቁለቱ መሐል ላይ ይከዳል።

በሻርጃ የኢንዱስትሪ ሰፈሮች ከፈረሱ መኪኖች የወጣ ዲፈረንሻል የሚገዛ ሰው በሻጩ ቃል ብቻ መተማመን የለበትም። በአንዳንድ ቶዮታዎች ሞተር ክፍል ውስጥ ያለው የብረት ሰሌዳ የአክስል ኮድ ይዟል፤ ግን በአርባ ዓመት ውስጥ አክስሉ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል። መኪናው ላይ ያለውን ጥርስ ለማወቅ አስተማማኙ መንገድ ቆጠራ ነው። መኪናው እንዳይንሸራተት ጎማዎቹ ይደገፋሉ፣ ካምቢዮው ነጻ ይደረጋል፣ አንድ የኋላ ጎማ ብቻ ይነሳል። አንዳንድ የቆዩ ላንድክሩዘሮች የእጅ ፍሬናቸው ዘንጉን የሚይዝ ስለሆነ መለቀቅ አለበት። መሬት ያለው ጎማ ስለማይዞር የተነሳው ጎማ ሁለት ጊዜ ሲዞር ክራውኑ አንድ ጊዜ ይዞራል። ስለዚህ ጎማውን 20 ጊዜ አዙሮ የዘንጉን ዙር መቁጠር ነው፤ 37 ከሆነ 3.70፣ ከ41 ትንሽ ካለፈ 4.11። ለብቻው ተነቅሎ የሚሸጥ ዲፈረንሻል ከሆነ ደግሞ የክራውኑንና የፒኒየኑን ጥርስ በዓይን ቆጥሮ ማካፈል ይበቃል።

ባለ አራት እግር መኪና ላይ የኋላውን ብቻ መቀየር አይቻልም። ከፊቱ 4.11፣ ከኋላው 3.70 ሆኖ አራቱም ጎማ ደረቅ መሬት ላይ ሲያያዙ ሁለቱ አክስሎች እርስ በርስ ይታገላሉ፤ ትራንስፈር ኬዙ ወይም አንዱ ዘንግ ይሰበራል። ወጪውን ያሰበ ሰው ከመጀመሪያው በሁለት ያባዛው።

ክራውንና ፒኒየን ፋብሪካ ላይ አብረው የተፋጩ ጥንዶች ናቸው፤ የአንዱን ከሌላው ስብስብ ጋር መግጠም ጩኸት ያመጣል። ጥሩ መካኒክ ጥርሱ ላይ ቀለም ቀብቶ አሻራው መሐል ላይ ማረፉን ያያል፣ በጥርሶቹ መካከል ያለውን ክፍተትም ይለካል፤ በ40ው ትልቁ ዲፈረንሻል ላይ ከ0.15 እስከ 0.20 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ይህን ሳይለካ «ገጥሟል» ብሎ የሚያስረክብ ጋራዥ ሊታመን አይገባም። አዲስ ጥርስ በመጀመሪያዎቹ መቶዎች ኪሎ ሜትሮች ከባድ ጭነት ሳይሸከም ይለማመዳል፤ ከዚያ ዘይቱ ይቀየራል።

በላንድክሩዘሩ የፍጥነት ማሳያው ገመድ የሚነሳው ከዲፈረንሻሉ በፊት ስለሆነ ጥርሱ ሲቀየር ይሳሳታል። ከ4.11 ወደ 3.70 የተለወጠ መኪና 100 እያሳየ በእውነቱ 111 ይሄዳል። የፍጥነት ካሜራ በበዛበት አገር ይህ ቅጣት ያስከትላልና፣ ትንሿ የማሳያው ማሽከርከሪያ ጥርስ ከዲፈረንሻሉ ጋር አብራ መስተካከል አለባት።